ስድስት ሲኒ፣ አንድ ጠጪ፦ ብቸኝነትን በፎቶግራፍ መግለጽ ለሚፈልግ ዝርዝር መመሪያ

ከቤቴ ትይዩ፣ ከኮሪደሩ ማዶ፣ አንዲት እናት ይኖራሉ። ቤቱ በዕጣ የደረሳት ልጃቸው ከአገር ከወጣች ቆይታለች፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን ከፈጁበት የመሀል ከተማ ግቢ ተነሥተው ቤቱን ሊጠብቁ ወደ የካ አባዶ መጡ። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲያፈሉ በሩን ገርበብ ያደርጉታል። ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ ይደረድራሉ፤ በአንዷ ይጠጣሉ፤ ሲጨርሱ ስድስቱንም ያጥባሉ። አንድ ቀን "ያልተጠጣባቸውን ደግሞ ለምን ያጥቧቸዋል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ቀርበው የለም እንዴ!" አሉኝ፤ መጠየቄ ራሱ ገርሟቸው ነበር።

ከዚያ ቀን በፊት ብቸኝነትን ለማንሳት ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሜያለሁ። እንጦጦ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ወጣት፣ ባሕር ዛፍ መሀል የቆመች ልጅ፣ ጃንጥላ የያዘ ሽማግሌ። ሁሉም ያማሩ ነበሩ፤ ብቸኝነት ግን አንዱም ላይ የለም። ወጣቱ ጓደኛዬ ነው፤ ፎቶው እንዳለቀ እየተሳሳቅን ሻይ ልንጠጣ ወርደናል። ያ ሳቅ ከጀርባው ሳይቀር ያስታውቃል።

ስድስቱ ሲኒዎች ያስተማሩኝ ይህን ነው፦ ብቸኝነት የሚታየው ለብዙ ሰው በተሰናዳ ቦታ ላይ አንድ ሰው ሲቀር ነው። ስለዚህ ካሜራው የቀረውን ሰው ሲያነሳ ያልመጡትንም ቦታ አብሮ ማንሳት አለበት። ከዚህ በታች ስለ ብርሃን፣ ስለ ሰዓትና ስለ ርቀት የማወራው ሁሉ ያንን ክፍት ቦታ ለማሳየት ነው። በተለይ በከተማዋ ዳርቻ፣ በአባዶ፣ በአራብሳ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በጀሞ ለሚኖር ሰው ጉዳዩ ከደጃፉ አይርቅም። ሰፈሩ አዲስ ነው፤ ዕድሩ ገና አልጠነከረም፤ ጎረቤት ገና በስም አልተዋወቀም።

መጀመሪያ ስሙን ለዩት

በግ የሚጠብቅ ልጅ ብቻውን ነው። ፉጨቱን ስትሰሙ ግን ብቸኛ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ብቻ መሆንና ብቸኝነት የተለያዩ ናቸው፤ ብቸኝነትም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። አማርኛችን ለዚህ ስሜት ብዙ ቃል አለው። ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት ከቃላቱ አንዱን ምረጡ፤ እያንዳንዱ የሚፈልገው ፎቶ ለየቅል ነውና።

ናፍቆት የሚናፈቅ ሰው አለው። የጎደለው ሰው ስም፣ መልክና የሚቀመጥበት ቦታ አለው። የናፍቆት ፎቶ ያንን ቦታ ነው የሚያነሳው፤ ያልተኛበትን ትራስ፣ ግድግዳ ላይ ያለውን የምረቃ ፎቶ፣ ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፎ ጥሪ የሚጠብቀውን ስልክ።

ባይተዋርነት የግድ ሌሎች ሰዎችን ይፈልጋል። ባዶ ሜዳ ላይ ባይተዋር የለም። ሠርግ ድንኳን ውስጥ ማንም የማያናግረው ዘመድ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመና የሰልፉ ወሬ የማይገባው ሰው ባይተዋር ነው። ይህን የሚያነሳ ሰው ሕዝብ ወዳለበት ይሂድ።

ጭርታ የቦታ ነው። ሰው ባይኖርበትም ይሆናል፤ እንዲያውም ባይኖርበት ይሻላል። ከሃንጋሪ የተነሣው ፎቶግራፍ አንሺ አንድሬ ኬርቴሽ በ1936 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ባይተዋር በሆነበት ሰሞን፣ በ1937 አንድ ፎቶ አነሳ። ፎቶው ላይ ያለው የሮክፌለር ሴንተር ሕንፃ ግድግዳና ከጎኑ የተገለለች አንዲት ትንሽ ደመና ብቻ ነው። ሰው የለበትም፤ ሆኖም የስደተኛ ፎቶ መሆኑን ለማወቅ ማንም አይቸገርም።

አራተኛው ሆድ መባስ ነው፤ ሰውየው ራሱ "እንዲያው ሆድ ባሰኝ" የሚለው፣ ምክንያቱን የማያውቀው። ይህ ፊት ላይና እጅ ላይ ለቅጽበት ታይቶ የሚያልፍ ስለሆነ ከሁሉም ይከብዳል። ጀማሪ ባይጀምርበት እመክራለሁ።

ቃሉን ከመረጣችሁ በኋላ ለሦስት ቀን ያለ ካሜራ ሰፈራችሁን ዙሩ። በኪሳችሁ ወረቀት ያዙና የምታዩትን በዚህ መልክ ጻፉ፦ "ለእነ እገሌ የተሠራ፣ እገሌ ብቻ የቀረበት።" የእኔ ወረቀት ላይ ከተጻፉት ጥቂቶቹ እነዚህ ነበሩ፤ ለአራት ሰው የሚበቃ መሶብና አንድ በላተኛ። ለልጆች የተተከለ መወዛወዣና ከሥሩ የተኛ ውሻ። ለድግስና ለለቅሶ የተሠራው የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤትና በሩ ላይ የዛገ ቁልፍ። ታክሲ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም "ወራጅ አለ" ብሎ ወርዶ ያለቀበት ሚኒባስና የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣለው ተሳፋሪ። የውኃ ተራ የያዙትን ቢጫ ጀሪካኖችም መጀመሪያ ጽፌ ነበር፤ ኋላ ሰረዝኳቸው። እነሱ ከባለቤቶቻቸው ይልቅ ይቀራረባሉ።

መሣሪያው

ስልክ ይበቃል። ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልኩ እያነሳ፣ እያንዳንዱን ሰው ከአካባቢው ነጥሎ ከነጥላው አንድ ወጥ ቀለም ላይ ያሳረፈበት ሥራው በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ሽልማት አስገኝቶለታል። ሰውን ከጎዳናው መነጠል ብቻውን ምን ያህል እንደሚናገር ማየት የፈለገ ያንን ሥራ ይመልከት።

ስልካችሁ ላይ አራት ነገር አስተካክሉ። ፍሬሙን የሚከፋፍሉትን መስመሮች አብሩ። ፊት የሚያለሰልሰውን ማስዋቢያ አጥፉ። ፍላሹን አጥፉና እርሱት። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ኪስ ውስጥ የዋለ ሌንስ ሁሉንም ብርሃን ጉም ያስመስለዋል፣ ይህም የውሸት ትካዜ ነው። ካሜራ ያላችሁ ደግሞ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ ይዛችሁ ውጡ። በእግራችሁ መቅረብና መራቅ እንድትችሉ ሌላውን ቤት ተዉት።

ሰዓቱና ብርሃኑ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ፀሐይ ቀጥ ብላ ወጥታ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። በሰሜን አውሮፓ ለሰዓታት የሚቆየው የምሽት ብርሃን እዚህ ከጠለቀች በኋላ ለ20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው። ከውጭ አገር መመሪያ ተምሮ "ገና ጊዜ አለኝ" ያለ ሰው ጨለማ ይቀድመዋል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነውና ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቦታችሁ ላይ ተገኙ።

ለብቸኝነት የሚስማማው ብርሃን የትኛው ነው? ብዙዎች ጀንበር ስትጠልቅ ያለውን ወርቃማ ብርሃን ይመርጣሉ። እኔ አልመርጠውም። ወርቃማ ብርሃን ያጽናናል፤ ሰውየውን የሚያቅፈው ይመስላል። የተሻለው ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሰማያዊው 20 ደቂቃ ነው፤ ሰማዩ ቀዝቅዞ የቤት መብራት ገና የሚበራበት። ሁለተኛው የክረምት ደመና ነው። ጥላ የለውም፣ ሰዓት አይናገርም፤ ጠዋት ይሁን ማታ የማይታወቅበት ፎቶ ራሱ ጭር ያለ ነው።

ቀትርንም አትናቁት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የቀትር ብርሃኗ ጥርት ያለ፣ ጥላዋም በቢላዋ የተቆረጠ ያህል ነው። በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ገደማ፣ 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ፣ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትደርስና የቆመ ሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። በነሐሴ መጨረሻም ይደገማል፤ ደመናው ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም። በዚያች ደቂቃ ሰፊ የኮብልስቶን አደባባይ ላይ የቆመን ሰው አንሱ፤ ጥላው እንኳ ጥሎት ሄዷል።

ጉም የምትፈልጉ በክረምት ማለዳ፣ ከ2 ሰዓት በፊት፣ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሱሉልታ መንገድ ውጡ። ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ይደነግጥና ያጨልመዋል፤ ጉሙ እንደ ቆሻሻ ውኃ እንዳይሆን የብርሃኑን መጠን በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ጨለማ በር ላይ የቆመች ነጠላ የለበሰች ሴት ስታነሱ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ካልቀነሳችሁት ነጠላው ጥለቱ የማይለይ ነጭ ጉድጓድ ይሆናል።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልጨምር። የብቸኝነት ወቅት የበዓል ዋዜማ ነው። ከየበሩ የሽንኩርት ሽታ ሲወጣ፣ ደረጃው ላይ ዶሮ ሲንጫጫ፣ አንዱ በር ዝግ ሆኖ ይውላል። ያንን በር ከነጎረቤቶቹ በሮች አንሱት፤ ብቻውን ካነሳችሁት በር ነው፣ ሌላ አይደለም።

ፍሬሙን መዘርጋት

ዋናው ስህተት መቅረብ ነው። ሰው ሲያዝን ፊቱ ላይ መድረስ እንፈልጋለን፤ ስንደርስ ግን ዙሪያው ይጠፋል፣ ዙሪያው ሲጠፋ ብቸኝነቱም ይጠፋል። ስልኩን በአግድም ያዙና ሳታጎሉ፣ በዋናው ሌንስ፣ ከሰውየው 25 እርምጃ ያህል ራቁ። ቁመቱ የፍሬሙ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ይሆናል። ትንሽ መስሎ ይታያችኋል፤ ልክ ነው። ሰፊ ማዕዘን የሚያነሳውን ሁለተኛ ሌንስ ግን አትጠቀሙ፤ ሕንፃዎቹን ያጋድላቸዋል፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ደግሞ ዝም ያለ መስመር ነው የሚፈልገው።

ቀጥሎ ባዶው በየት በኩል ይሁን የሚለውን ወስኑ። ይህ ከሁሉም የከበደ ውሳኔ ነው። ሰውየው ወደ ቀኝ የሚያይ ከሆነና ባዶውን በስተቀኙ ከተዋችሁለት ፎቶው ይጠብቃል፤ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስላል። ባዶውን ከጀርባው ካደረጋችሁት፣ አፍንጫው የፍሬሙን ጠርዝ ሊነካ ሲደርስ፣ ፎቶው ይተዋል፤ የሄደ ሰው ያለ ይመስላል። መሀል ላይ ካቆማችሁት ደግሞ አዝኖም ቢሆን ክብሩን ይዟል። ያው ሰው፣ ያው ቦታ፣ ያው ደቂቃ ነው፤ የሚናገረው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ የጤፍ ማሳው ቢጫ ሆኖ ከጀርባው የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች ሲሰለፉ፣ አንድ ገበሬ ሦስቱንም አድርጌ አንስቼ ነበር። ባዶውን ከፊቱ ስተወው አዝመራውን የሚያይ ገበሬ ሆነ። ከጀርባው ስተወው ሕንፃዎቹ የሚከተሉት ሰው ሆነ። የቱ እውነት እንደሆነ እሱን ጠየቅሁት፤ "ዝናብ እንዳይመጣ ሰማዩን ነበር የማየው" አለኝ።

ካሜራውን በደረት ቁመት ያዙ። ከታች ወደ ላይ ማንሳት ሰውን ጀግና ያደርገዋል። ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል ማንሳት ደግሞ ማንንም ሰው ያሳንሳል፤ ቀላል ስለሆነ ሁላችንም እናደርገዋለን፣ እኔ ግን ርካሽ ይመስለኛል። ኬርቴሽ በ1952 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ካለው ከዋሽንግተን አደባባይ በላይ ወዳለ ከፍ ያለ ቤት ገብቶ ለዓመታት ከመስኮቱ ቁልቁል አንስቷል። የእሱን ከርካሽነት ያዳነው ትዕግሥቱ ነው፤ በረዶው ላይ ያለው ዱካና የዛፎቹ ቅርንጫፍ ከሰውየው እኩል ይታዩ ዘንድ ይጠብቅ ነበር። በረንዳ ያላችሁ እንደዚያ መጠበቅ ከቻላችሁ ሞክሩት።

ባይተዋርነትን ለማንሳት ሌላ ዘዴ አለ። ማታ ታክሲ ሰልፍ አጠገብ ካሜራውን ድንጋይ ወይም አጥር ላይ አስቀምጡ፣ የሻተሩን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ ሰከንድ አንድ አራተኛ አውርዱ። የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ጭስ ይሆናል፤ ቆሞ የቀረው አንዱ ሰው ብቻ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሠላሳ ጊዜ ብታነሱ አንዱ ይሳካል።

የቡናው ፎቶ

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ፎቶ ላንሳዎት ስላቸው "ቆይ ልጄ፣ ነጠላዬን ልቀይር" አሉ። ጸጉራቸውን አስተካክለው፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ መታወቂያ ፎቶ ተቀመጡ። ብዙ አንሺዎች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው "እንደ ልብዎ ይሁኑ" ይላሉ። እንዲህ ያላችሁት ሰው እንደ ልቡ ሆኖ አያውቅም። እኔ እንደተቀመጡ አነሳኋቸው፤ ፎቶ ቤት ወስጄ 10 በ15 አሳተምኩና አመጣሁላቸው። ቡፌው ላይ አቆሙት። የክብር ፎቷቸው ስለተነሣ በሚቀጥለው ሳምንት ስልኬን ዞር ብለውም አላዩትም። ሰው ከማንሳታችሁ በፊት ሰውየው የሚፈልገውን ፎቶ አንሡለት፤ የእናንተ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ያን ቀን ያደረግሁት በቅደም ተከተል ይህን ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል እንዲያጠፉት ለመንኩ፤ የአምፖሉ ቢጫና የመስኮቱ ሰማያዊ ሲቀላቀሉ የሰው ቆዳ ይታመማል። መስኮቱ ከጀበናው ጀርባ እንዲሆን ከረከቦቱ በዚህኛው በኩል መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጭስ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣና ከጀርባው ጨለም ያለ ነገር ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ጀበናው ከጨለማው የቁም ሣጥን ፊት እስኪያርፍ አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ተንሸራተትኩ። ስልኩን በሲኒዎቹ አፍ ቁመት ያዝኩ። የመጀመሪያውን ባዶ ሲኒ ስክሪኑ ላይ ተጭኜ ቆየሁ፤ ትኩረቱ እዚያ ተቆለፈ። ከዚያ ጣቴን ወደ ታች ጎትቼ ብርሃኑን ቀነስኩት።

ከጀርባ ያለውን የሚያደበዝዘውን የስልክ ዘዴ አልተጠቀምኩም፤ የሲኒውን ጠርዝና ጭሱን እየቆረጠ ይበላል። በምትኩ ቀረብኩ፤ ሌንሱ ከሲኒው አንድ ስንዝር ሲርቅ ከኋላ ያሉት እናት በራሳቸው ደብዘዝ አሉ። አዎ፣ አትቅረቡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። የቀረብኩት ግን ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ባዶው ሲኒ ነው።

ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጬ ከመቶ በላይ አነሳሁ። አቦሉ ላይ ለእኔ ሲያወሩ ነበር። ቶናው ላይ ለራሳቸው። በረካው ላይ ዝም አሉና ገርበብ ወዳለው በር አዩ፤ ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ተሰምቶ ነበር። ኮቴው አለፈ። ያችን አስቀረኋት። አንዷ ሲኒ እጃቸው ላይ ናት፤ የእኔዋን ጠጥቼ ከረከቦቱ ሥር ደብቄያታለሁ፤ አራቱ አፋቸውን ከፍተው፣ የመስኮቱ ብርሃን ሆዳቸው ውስጥ ክብ ሆኖ ይታያል።

አንድ መስኮት

ጭርታን ለማንሳት ሰው ገና ያልሞላበትን ሕንፃ ፈልጉ። ጀንበር ከጠለቀች ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ከፊት ለፊቱ ቁሙና አንድ መብራት እስኪበራ ጠብቁ። ሁለት ከሆኑ ጎረቤታሞች ናቸውና ተዉት። ስልኩን ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፋችሁ በሦስት ሰከንድ ቆጣሪ አንሱ፤ በጣት ሲነካ ይነቃነቃል። የሌሊት ዘዴውን አጥፉት፤ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል፣ እኛ ደግሞ የመጣነው ለጨለማው ነው። ካሜራ የያዘ በአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት አቅም) 400፣ በአፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 4፣ በሰከንድ አንድ ስምንተኛ ይጀምርና እያየ ያስተካክል። የበራው መስኮት ውስጥ የመጋረጃው አበባ ከታየ ልክ ናችሁ፤ ነጭ ሆኖ ከጠፋ ቀንሱ።

በአንድ ግንባታ ቦታ አጠገብ ይህን ሳደርግ የጥበቃ ሠራተኛ ያዘኝና ያነሳሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። ሃያ ሦስት ፎቶ፣ ሁሉም አንድ መስኮት። መጨረሻ ላይ ስልኬን መለሰልኝና "ይኼ ሁሉ ድካም ለአንድ አምፖል?" አለ። ከሩቅ ጅብ ይጮህ ነበር፤ መንገድ ድረስ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ጥበቃውን ሰላም እላለሁ፣ ቀጥዬ ነው ካሜራ የማወጣው። ምሽት ላይም ብቻዬን አልወጣም፤ ለብቸኝነት ፎቶ አብሮ የሚሄድ ሰው መፈለግ እንደሚያስቅ አውቃለሁ።

ፈቃድ

በዳርቻው ሰፈር ካሜራ ሌላ ትርጉም አለው። ጨረቃ ቤት የሠራ ሰው ግድግዳውን የሚያነሳ እንግዳ ሲያይ የሚታየው አፍራሽ ግብረ ኃይል ነው። "ከየት ነው የመጣኸው?" ሲላችሁ ስለ ጥበብ አታስረዱት፤ የት ሰፈር እንደምትኖሩ፣ የማን ጎረቤት እንደሆናችሁ ንገሩት። ቤቱንና የቤት ቁጥሩን አታንሱ። አንስታችሁም ከሆነ አሳዩትና ፊቱ አጥፉት።

ሕጉም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥን ይከለክላል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ አደባባይ ላይ የተደረገን ነገርና የመሳሰሉትን ለይቶ ያስቀምጣል። ሰውየው ዋና ጉዳያችሁ ከሆነ "አደባባይ ላይ ነበር" በሚለው አትሸፈኑ። ብቸኛ ብላችሁ ልታሳዩት ነው፤ ይህን ስለራሱ የማወቅ መብት አለው።

ለማኝንና የተጎሳቆለ ሽማግሌን የብቸኝነት ምልክት አድርጎ ማንሳትን በተመለከተ አስተያየቴ አጭር ነው፤ ተዉት። ድህነት ብቸኝነት አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሲጫወቱ ቆማችሁ ብትሰሙ፣ ከእናንተ ይልቅ ብዙ ወዳጅ እንዳላቸው ትረዳላችሁ።

ሌላ ሰው ማስቸገር የማትፈልጉ ራሳችሁን አንሱ። ስልኩን አሥር ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ መደርደሪያ ላይ አቁሙት። ሌንሱን አትዩ፤ መሀል አትቀመጡ። ዘወትር የምትቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀምጣችሁ ሌላኛው ወንበር ወደ ፍሬሙ እንዲገባ አድርጉ። ምሳ ብሉ። ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ሰው ሁሉ ትወና ይጀምራልና በተከታታይ የሚያነሳውን ቆጣሪ ተጠቀሙ፤ የሚጠቅመው አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ነው።

መምረጥ፣ ማስተካከል፣ ማሳተም

ያነሳችሁትን ለአንድ ሳምንት አትዩት። ከሳምንት በኋላ ስታዩት የዚያን ቀን ብርዱንና ድካሙን ስለምትረሱ ፎቶው ላይ ያለውን ብቻ ታያላችሁ። እያንዳንዱ ላይ "ያልመጣው ሰው የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቦታውን በጣታችሁ መጠቆም ካልቻላችሁ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይውጣ።

ጥቁርና ነጭ ማድረግ የመጀመሪያው ፈተና ነው። ቀለሙ ሲጠፋ ሁሉም ፎቶ ያዘነ ስለሚመስል አንሺው ራሱን ያታልላል። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ በቀለሙ ብቸኛ ካልሆነ በጥቁርና ነጭም አይሆንም። ቀለሙ ወሬ ሲያበዛ፣ ለምሳሌ ከጀርባ ቀይ ማስታወቂያ ዓይን ሲጎትት፣ ያኔ አውጡት። በተረፈ የቀለሙን ድምቀት ትንሽ ቀንሱ፣ ጥላውን አታብሩ፣ ጠርዙን አታጨልሙ።

ከሥሩ "ብቸኝነት" ብላችሁ አትጻፉ። ቦታና ሰዓት ይበቃል፤ "አባዶ፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት፣ በረካ።"

ከዚያ አሳትሙና ለባለቤቱ አሳዩ። የቡናውን ፎቶ ለጎረቤቴ ስወስድላቸው ልቤ ይመታ ነበር። መስኮቱ ጋ ቆመው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ብዙ ጊዜ አዩት። ስለ በሩም፣ ስለ ባዶዎቹም ምንም አላሉም። "የተሸረፈችውን ሲኒ ነው እንዴ ከፊት ያደረግካት?" አሉኝ። እውነት ነው፤ ከፊት ያለችው፣ ትኩረቱን የቆለፍኩባት፣ ጠርዟ ተሸርፏል። ከመቶ በላይ ሳነሳ አላየኋትም። አሁን ከመጀመሬ በፊት ዕቃውን ባለቤቱ እንደሚወደው እንዲያሰናዳው እጠይቃለሁ፤ እሳቸውም ፎቶውን ተቀብለው ከክብር ፎቷቸው ኋላ፣ ጠርዙ ብቻ በሚታይበት ቦታ፣ ቡፌው ላይ አቁመውታል።